መቻልና መቻቻል፤ የትዕግሥት ወሰን ወዴት ነው?

ሰው ከሰው ጋራ ተጐራብቶ ሲኖር ጠባዩ፣ አሳቡ፣ ልማዱና ሃይማኖቱ ሁሉ አንድ ሊሆን አይችልም። አንዱ ቍጡ ሁለተኛው ዝምተኛ፣ አንዱ ቈጣቢ ሁለተኛው አባካኝ ይሆናል። ይህ ሁሉ ልዩ ልዩ ሰው በአንድ መንደር፣ በአንድ ገበያና በአንድ ዕድር ተሰብስቦ በሰላም የሚኖረው፣ አንዱ የሌላውን ጠባይ ስለሚችልለት ነው። ስለዚህ መቻቻል በአገራችን ከታላላቆቹ ምግባራት እንደ አንዱ ተቈጥሮ መመስገኑ የተገባ ነው።

ነገር ግን በጎ ነገር ሁሉ መጠን አለው። ጨው ወጥን ያጣፍጣል፤ ሲበዛ ግን ወጡን ያስደፋል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ መርምረን ልንረዳው የምንፈልገው፣ መቻቻል ወሰን አለውን? ካለውስ ወሰኑ በምን ይታወቃል? የሚለውን ነው። ይህ ጥያቄ የሊቃውንትና የፈላስፎች ብቻ እንዳይመስለን፤ በየቤታችን፣ በየዕድሩና ሽማግሎች በተቀመጡበት ሁሉ የሚነሣ ጥያቄ ነው።

ስለ ቃሉ

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። «መቻቻል» የተባለው ቃል «ቻለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ቻለ ማለት አንድም ኃይል አገኘ፣ አንድም ሸክምን ወይም መከራን ተሸከመ፣ ታገሠ ማለት ነው። ይኸው ግስ ድርጊቱ በሁለት ወገን መካከል የሚመላለስ መሆኑን ሲያሳይ «ተቻቻለ» ይሆናል፤ ተረዳዳ፣ ተከባበረ፣ ተማመነ እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ በመቻቻል ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። እኔ ያንተን እችላለሁ፤ አንተም የእኔን ትችላለህ። አንዱ ዘወትር የሚጭን፣ ሌላው ዘወትር የሚሸከም ከሆነ ግን ያ መቻል ነው እንጂ መቻቻል አይደለም።

ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ደግሞ ሦስተኛ ሰው አለ። እርሱ አይጭንም፣ አይሸከምምም። ከዳር ቆሞ፣ ለምትሸከመው «ቻይው»፣ ለሚሸከመው «ቻለው» እያለ ይመክራል። ምክሩም ለስላሳ ስለሆነ ራሱን እንደ ታጋሽና እንደ አስታራቂ ይቈጥራል። ብዙዎቻችን በብዙ ነገር ሦስተኛው ሰው ነን።

እንግዲህ አሳባችንን ገና ከመጀመሪያው ገልጠን እናስቀምጥ። ሰው በራሱ ላይ የተደረገውን በደል ቢታገሥ ትዕግሥቱ ከራሱ ገንዘብ የወጣ ነውና ሊመሰገንበት ይገባዋል። በሌላው ላይ የሚደረገውን በደል ቢታገሥ ግን በሌላ ሰው ገንዘብ ለጋስ እንደ ሆነ ሰው ነው። የመቻቻል ወሰን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሚገባው መቻቻል

ወሰኑን ከመፈለጋችን በፊት እውነተኛው መቻቻል ምን እንደሚመስል ማየት ያስፈልጋል፤ አለዚያ እርሻውን ሳያውቅ ድንበር እንደሚተክል ሰው እንሆናለን።

የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ615 ገደማ ከመካ የተሰደዱ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መንግሥት መጡ። አሳዳጆቻቸው የቍረይሽ ሹማምንትም እጅ መንሻ አስይዘው መልእክተኞች ላኩና ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ለመኑ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ግን የከሳሾቹን ቃል ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹን አስጠርቶ ስለ እምነታቸው ጠየቃቸው፤ መልሳቸውንም ካዳመጠ በኋላ አሳልፎ አልሰጥም አለ፤ እጅ መንሻውንም መለሰ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ንጉሡ የእንግዶቹን ሃይማኖት አልተቀበለም፤ የራሱንም አልጣለም። ሁለተኛ፣ የተሰደደውን ሲታገሥ የአሳዳጁን ጥያቄ ግን አልታገሠም። በአንዱ ቀን፣ በአንዱ ችሎት መቻቻልና ወሰኑ አብረው ታዩ።

ይህ በነገሥታት ዙፋን ብቻ የሚገኝ ነገር አይደለም። በአገራችን በሠርግም ሆነ በተዝካር ጊዜ ሙስሊም ጎረቤት ያለው ክርስቲያን ለእነርሱ የሚሆነውን በግ በራሳቸው ሰው እጅ ያሳርዳል፤ ድስቱንም፣ ጭልፋውንም፣ መቀመጫውንም ለይቶ ያዘጋጃል። ሙስሊሙም ክርስቲያን ወዳጁን በጠራ ጊዜ እንዲሁ ያደርጋል። የአንዱ ሥጋ ለሌላው አይበላም፤ ነገር ግን ማንም በማንም አይቀየምም። ልዩነቱ ሳይሸፈን፣ ወዳጅነቱም ሳይጐድል የሚኖርበት እንዲህ ያለው ልማድ ሊጠበቅ የሚገባው ሀብት ነው። በዚህ ውስጥ የሚጭንና የሚጫን የለም፤ ሁለቱም ይችላሉ፣ ለሁለቱም ይቻልላቸዋል።

ወሰን በስሕተት ሲሠመር

ስለ ትዕግሥት ወሰን የሚናገር ሰው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ብዙ ግፍ የተሠራው «ከእንግዲህ ወዲህ አንታገሥም» በሚል ቃል ነውና። ለዚህም ምስክር ከሩቅ አገር መጥራት አያስፈልገንም።

በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ፣ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። ጉባኤው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለረዥም ዘመን የቆየውን የሃይማኖት ክርክር ለመጨረስ የተሰበሰበ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥታቸው አንድነት በሃይማኖት አንድነት ይጸናል ብለው ያምኑ ስለ ነበር፣ የወሎ ሙስሊሞችም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከመኳንንቱ አንዳንዶቹ ተጠመቁ፤ ከሕዝቡም ብዙው ለዐይን ያህል ተጠምቆ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ ኖረ። ሌላው አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ በሼኽ ጠልሐ መሪነት የተነሣውም ዐመፅ ብዙ ደም አፈሰሰ። በፈቃድ ያልሆነ እምነት ለተጠማቂው ዕዳ፣ ለአጥማቂውም ሐፍረት ከመሆን በቀር ጥቅም አላስገኘም።

ስሕተቱ ከምን ላይ ነው? ወሰኑ በሰው ሥራ ላይ ሳይሆን በሰው ኅሊና ላይ በመሠመሩ ነው። የወሎ ገበሬ እንደ አባቶቹ በመጸለዩ ጎረቤቱን አልገደለም፤ ከብቱን አልነዳም፤ ልጁን አልነጠቀም። የሚጸለየውንና የሚታሰበውን ነገር በኃይል ለመከልከል የሚነሣ ሁሉ መቻቻልን ወሰን አላበጀለትም፤ አጠፋው እንጂ። እንግዲህ ወሰኑን የምንፈልገው ሰው ከሚያምነው ላይ ሳይሆን በሌላው ላይ ከሚያደርገው ላይ ነው።

በልጃገረድ ዋጋ የተገዛ ዕርቅ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በብዙ የአገራችን ክፍል ጠለፋ የሚባል ልማድ ነበረ፤ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ልጅቱ ውሃ ልትቀዳ፣ ገበያ ልትሄድ ወይም ከትምህርት ቤት ልትመለስ ስትል ጎልማሳው ከጓደኞቹ ጋራ አድብቶ ይይዛታል፤ ወደ ሩቅ ቤት ወስዶም ክብርዋን በኃይል ይደፍራል። ከዚያ በኋላ ሽማግሎች ወደ ወላጆችዋ ይላካሉ። ካሳ ይቈረጣል፣ ድግስ ይደገሳል፣ ነገሩም «ጋብቻ» ይባላል።

ስለ ሽማግሎቹ እውነቱን መናገር ይገባናል። ክፉ ሰዎች ስለ ሆኑ አልነበረም እንዲህ ያደረጉት። የልጅቱ ወንድሞች ጠመንጃ አንሥተው ቢነሡ ደም ይፋሰሳል፤ ደም ደምን እየጠራ ሁለት ዘር ይጠፋል። ሽምግልና ይህን እሳት በማጥፋቱ ብዙ ነፍስ አድኗል፤ ለዚህም ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የዕርቁ ዋጋ ከማን ኪስ ወጣ ብለን ስንጠይቅ ከጠላፊው አልወጣም፤ ከአባትዬውም አልወጣም። ከልጅቱ ዕድሜ ወጣ። በዚያ ሁሉ ንግግር ውስጥ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ሁሉም ታገሡ፤ የታገሡት ግን በእርስዋ ላይ የደረሰውን ነው።

ሕጉም ራሱ ለረዥም ጊዜ እንዲሁ ይታገሥ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ወንጀል ነው ቢልም፣ ተጠላፊዪቱ በፈቃድዋ ከጠላፊው ጋራ ሕጋዊ ጋብቻ ከፈጸመች ጠላፊው እንዳይከሰስ ይደነግግ ነበር። በወላጆችና በሽማግሎች ተከባ፣ ከመንደርዋ ርቃ፣ ክብርዋ ተደፍሮ የምትሰጠው ቃል «ፈቃድ» ይባል እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ። ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ፈቃድ የሚጸና መሆኑን ፍትሐ ነገሥት ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ደንግጎታል። ስለዚህ ጠለፋን «የአባቶቻችን ሥርዐት ነው» ብሎ መከላከል በአባቶች ላይ መፍረድ ነው።

በ1989 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች። ተዘግቶባት ከተደፈረች በኋላ ጠመንጃ ይዛ አመለጠች፤ ሲያሳድዳትም ጠላፊዋን ተኵሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳይዋን ይዞ ተሟገተላት፤ በማኅበሩ ከቆሙላት አንዷ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ፍርድ ቤቱም ራስዋን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑን ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። ይህንኑ ታሪክ መነሻ አድርጎ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ፊልም «ድፍረት» ተብሎ ተሰየመ። ቃሉ በአማርኛ ሁለት ትርጕም አለው፤ አንዱ የጠላፊውን ግፍ፣ ሁለተኛው የልጅቱን ልበ ሙሉነት ይናገራል።

ስለ ሟቹም ልናዝን ይገባል፤ እርሱም የሰው ልጅ ነው። ቀድሞ በጊዜው «ይህ አይደረግም» የሚለው ሽማግሌ፣ አባት ወይም ጓደኛ ቢያገኝ ኖሮ እርሱም ባልሞተ፣ ልጅቱም በሕፃንነትዋ ደም ባላየች ነበር። ወሰን የሌለው ትዕግሥት የሚጐዳው ተበዳይን ብቻ አይደለም፤ በዳዩንም ወደ ጥፋቱ ይሸኘዋል።

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለሴት ልጅ ከ15 የነበረውን የጋብቻ ዕድሜ 18 አደረገው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ከጠለፋ በኋላ ጋብቻ መፈጸሙ ጠላፊውን ከቅጣት እንደማያድነው በግልጥ ደነገገ፤ የሴት ልጅ ግርዛትንም ወንጀል አደረገው። ነገር ግን ሕግ በመጽሐፍ ተጽፎ፣ ሦስተኛው ሰው ከዳር ቆሞ «ቻይው» እያለ ከቀጠለ ሕጉ ከመደርደሪያ አይወርድም።

የቃል በደልና የዝምታ ዕዳ

እስካሁን የተናገርነው በእጅ ስለሚሠራ በደል ነው። በአፍ ስለሚነገረውስ ምን እንበል? ሰው የመሰለውን ይናገር ዘንድ መታገሥ የነጻነት መሠረት ነው። ታዲያ ቃል ወሰን የሚያልፈው መቼ ነው? በዚህ ረገድ የሩዋንዳን ታሪክ ያህል የሚያስተምር አናገኝም።

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በሐምሌ 1993 በሩዋንዳ አር. ቲ. ኤል. ኤም. የተባለ የራዲዮ ጣቢያ ሥራውን ጀመረ። ዘፈኑ ጣፋጭ፣ ቀልዱ የሰፈር ቀልድ ስለ ነበር ወጣቱ ሁሉ ያዳምጠው ነበር። በዘፈኑና በቀልዱ መካከል ግን የቱትሲን ሕዝብ «በረሮ» እያለ ይጠራ ነበር። ብዙዎች «ወሬ ነው፣ ቀልድ ነው» እያሉ ታገሡት። በሚያዝያ 1994 እልቂቱ ሲጀመር ያው ራዲዮ የሰዎችን ስምና የተሸሸጉበትን ቦታ ይናገር ጀመር። በአንድ መቶ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ያለቀው ሕዝብ ብዛት ወደ 800,000 እንደሚደርስ ይገመታል።

እልቂቱ በሚካሄድበት ወራት የራዲዮውን ድምፅ ከአየር ላይ ማፈን ይቻል እንደ ሆነ የአሜሪካ መንግሥት ተጠይቆ ነበር። የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ በግንቦት 1994 የሰጠው መልስ፣ ለዚህ የሚያስፈልገው አውሮፕላን በአንድ የበረራ ሰዓት 8,500 ዶላር ያህል እንደሚያስወጣ፣ ዓለም አቀፍ ሕግም እንቅፋት እንደሚሆን የሚያስረዳ ነበር። ነገሩም ሳይደረግ ቀረ። ከላይ ያልነው ሦስተኛው ሰው በመንደር ብቻ ሳይሆን በታላላቅ መንግሥታትም መካከል እንደሚገኝ ከዚህ እንረዳለን። የትዕግሥቱን ዋጋ የከፈለው ግን በሙዝ ተክል ውስጥ የተሸሸገው ሩዋንዳዊ ነው።

ከእልቂቱ በኋላ በአሩሻ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 ከራዲዮው መሥራቾች ሁለቱን፣ ፈርዲናንድ ናሂማናንና ዣን ቦስኮ ባራያግዊዛን፣ እንዲሁም የ«ካንጉራ» ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረውን ሐሰን ንጌዜን ጥፋተኞች አላቸው። በይግባኝ በ2007 ክሶቹ ከፊሉ ቢሠረዙም፣ እንደ ቅደም ተከተላቸው የ30፣ የ32 እና የ35 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የሞቱትን አላስነሣም።

በትውልዱ ኦስትሪያዊ የነበረው ፈላስፋ ካርል ፖፐር በአገሩ የነገሠውን የናዚ ዘመን ከስደት ሆኖ እየተመለከተ በጻፈውና በ1945 ባወጣው መጽሐፍ ይህን ነገር አንሥቷል። አሳቡም በአጭሩ፣ መቻቻልን የሚያጠፉትን ያለ ወሰን የታገሠ ኅብረተ ሰብ በመጨረሻ መቻቻልን ራሱን ያጣል የሚል ነው። ነገር ግን ብዙ ሰዎች የሚረሱትን ነገር አብሮ ጨምሯል፤ በክርክርና በሕዝብ ፍርድ መመለስ የሚቻለውን አሳብ በኃይል ማፈን ጥበብ አይደለም፤ የኃይል መከላከያ የሚያስፈልገው ክርክርን አልሰማም ብለው በዱላ ለሚመልሱት ነው ብሏል።

ይህ ማስጠንቀቂያ ለእኛም ያስፈልጋል። በአገራችን በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል አዋጅ ቍጥር 1185 ወጥቷል። የዚህ ዓይነት ሕግ አስፈላጊነቱ ከሩዋንዳ ታሪክ ይታያል፤ አደጋውም ከቦሩ ሜዳ ታሪክ ይታያል። የመንግሥትን ሥራ የሚነቅፍ፣ በታሪክ የሚከራከር፣ በሃይማኖት የሚለይ ሰው ሁሉ «ጥላቻ ነዛ» ከተባለ ወሰኑ ወደ ኅሊና ገብቷል ማለት ነው። ሰውን በዘሩ በረሮ፣ ጅብ ወይም አረም ብሎ ጠርቶ «ይነቀል» የሚለው ግን አሳብ አልገለጠም፤ ሰይፍ ሳለ እንጂ። ይህም ቃል ዛሬ የሚመጣው በራዲዮ ብቻ አይደለም፤ በየኪሳችን በያዝነው ስልክ ይመጣል። አንብቦ ስቆ ለወዳጁ የሚያስተላልፈውም ከሳዩ ጋራ ሞረዱን ይዟል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

እንግዲህ ይህን ሁሉ ወደ ዕለት ኑሮአችን ብናመጣው ሦስት ጥያቄዎች ይበቁናል።

የመጀመሪያው፣ ሕመሙ የማን ነው? የሚል ነው። ጎረቤታችን በሌላ ሃይማኖት ቢጸልይ፣ ምራታችን በሌላ አገር ልማድ ቡና ብታፈላ፣ ልጃችን እኛ ያልወደድነውን ሙያ ቢመርጥ ሕመሙ የእኛው ቅሬታ ነው፤ ልንችለው ይገባል። ባል ሚስቱን ቢመታ፣ አሠሪ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ቢከለክል፣ ሕፃን ልጅ ለጋብቻ ብትታጭ ግን ሕመሙ የሌላ ነውና «እኔ ችዬዋለሁ» ማለት አንችልም።

ሁለተኛው፣ የተጐዳው ሰው ተናግሯልን? የሚል ነው። አክሱማዊው ንጉሥ ስደተኞቹን ሳይሰማ አልፈረደም። በየሽምግልናው ተበዳዪቱ ራስዋ፣ የሚያስፈራራት ሰው በሌለበት፣ ቃልዋን ትስጥ። ይቅርታ የተበዳይ ገንዘብ ነው፤ ሽማግሌ ሊለምነው ይችላል እንጂ ከእርስዋ ሣጥን አውጥቶ ሊሰጠው አይችልም።

ሦስተኛው፣ የምንቃወመው ሰውየውን ነው ወይስ ሥራውን? የሚል ነው። ክፉ ሥራን አልታገሥም ያለ ሰው በዳዩን እንዲጠላው፣ ዘሩን እንዲሰድብ፣ በራሱ እጅም እንዲበቀል አልተፈቀደለትም። መንገዱ አስቀድሞ በግልጥ መምከር፣ ካልሆነ ለዘመድና ለንስሓ አባት መንገር፣ የአካልና የሕይወት ጉዳይ ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ወደ ሕግ ማቅረብ ነው። ልጅ ስትደበደብ ወይም ስትደፈር የሽማግሌ ቀጠሮ መጠበቅ አይገባም።

«ነገር እንዳይበዛ» እያልን የምንሸፍነው ነገር ብዙ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የሚለውም አነጋገር ለራስ ቍስል ጥሩ ፋሻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለሌላው ቍስል ፋሻ ሳይሆን ክዳን ይሆናል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት እንደማይገኝለት የታወቀ ነው፤ የጎረቤቱን በሽታ የሸሸገለትማ እንዴት ይባል ይሆን?

መቻቻል ቤት ነው፤ ወሰኑም የቤቱ ግድግዳ ነው። ግድግዳው በሌላው እልፍኝ ውስጥ ከተሠራ ግፍ ይሆናል፤ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ቤት የለም። ዳር ሲፈታ መሐል ዳር ይሆናል እንደሚባለው፣ ዛሬ በደካማዪቱ ላይ የታገሥነው በደል ነገ ከእኛው ደጃፍ ይደርሳል። ስለዚህ የራሳችንን ሸክም በትዕግሥት እየቻልን፣ የሌላውን ሸክም ግን አብረን እናውርድ። መቻቻል ማለት ይህ ነውና።